መጀመሪያ ፋኖሱ ይውረድ

የውሃ ፓምፕ መካኒኩ ሥዩም ወረቀት ይጠላል። ማንበብ አቅቶት አይደለም፤ ደብረ ብርሃን እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምሯል፣ የእጅ ጽሑፉም የሚያስመሰግን ነው። የሚጠላው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፤ «በራሴ ፈቃድ» ብሎ የሚጀምረውን። እንዲህ ያለ ወረቀት ያየ ቀን ምሳው አይወርድለትም። በሌላው ነገር ገራም ሰው ነው፤ ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል፣ በሚኖርበት የመቐለ ሰፈር ሓድነት ውስጥ ቧንቧ የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። በዚህ በአንዱ ነገር ግን ክፉ ነው፤ ክፋቱም ያለ ምክንያት አልመጣም።

መቐለ የገባው በ1984 ዓ.ም. ከጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር፣ ለሦስት ወር ተብሎ ነው። ሦስት ወሩ አላልቅ አለ። የቁሓዋን ለተመድህንን አገባ፣ ሓድነት ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራ፣ ትምኒት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ያን ጊዜ ከሸዋ ለመጣ ሰው እዚያ መኖር ቀላል አልነበረም፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ዘወር ብሎ የሚያየው አይጠፋም። ትግርኛ ያስተማረው የሥራ ባልደረባው ፍትዊ ነው። ፍትዊ ትምህርቱን ከስድብ ጀመረ። «ሰላምታውን ማንም ያስተምርሃል፤ ስድቡን ካላወቅህ ግን ሲሰድቡህ አመስግነህ ታልፋለህ» ይለው ነበር። ከአንድ ትሪ የሚበሉ፣ አንድ ገመድ የሚይዙ ወንድማማቾች ሆኑ።

የእጅ ጉድጓድ ሥራ አንድ ሕግ አለው። ሰው ከመውረዱ በፊት የበራ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል። ፋኖሱ ታች ደርሶ እየበራ ከቆየ ሰው ይከተለዋል። ከጠፋ ግን ታች ያለው አየር ገዳይ ነውና ጉድጓዱ እስኪናፈስ ይጠበቃል፤ ግማሽ ቀንም ይሁን ሁለት ቀን። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ የፈረመበትም የለም። የሚያውቀው ግን በሕይወት ያለ ሁሉ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ሁለቱ ቁሓ ጫፍ ላይ ለአንድ የግል ተቋራጭ ይሠሩ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ውሃ የሚስበው ሞተር ቆመ፤ ጭሱ ታች ተኝቷል። በማግስቱ እንግዶች ሊመርቁት የሚመጡበት ጉድጓድ ስለሆነ አለቃው እሳት ጎርሷል። ሥዩም ፋኖስ ፈለገ፤ ፋኖሱ መጋዘን ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ ከተማ ነው። አለቃው ቁልፉን እንደማስመጣት ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «በራሴ ፈቃድ ወደ ጉድጓዱ ለመውረድ ተስማምቼ፣ ለሚደርስብኝ አደጋ ማንንም ላልጠይቅ» ይላል። ፍትዊ አንብቦ ሳቀ፣ ፈረመ፣ ወረደ።

ገመዱን የያዘው ሥዩም ነበር። ጥቂት ቆይቶ ገመዱ እጁ ላይ በድንገት ከበደ። ሌሎቹን ጠርቶ እየጮኸ ጎተተ፤ ፍትዊ ሲወጣ ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ትንፋሽ ግን የለውም። አለቃው እየሮጠ መጣ፤ ወደ ጉድጓዱ አንገቱን አስግጎ «ፓምፑስ?» አለ። ከአፉ መጀመሪያ የወጣው ይህ ነው። የፍትዊ ሚስት ለተንሳኤ ካሳ ስትጠይቅ ያ ወረቀት ተነበበላት፤ ሥዩም አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ ቀን በኋላ የግል ሥራ ትቶ ዓይናለም በተባለው ቦታ የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ላይ የፓምፕ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ።

ትምኒት አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ የፊዚክስ አስተማሪ ሆነች። አባቷ መሬት ውስጥ ያለውን ሲያስብ እሷ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የምታንጋጥጠው። በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣችና ዕጣ እንደወጣላት ተናገረች። ሰዎችን በትኬት ወደ ጠፈር ሊወስድ የተዘጋጀ አንድ የውጭ ኩባንያ ለአፍሪካ አስተማሪዎች አንድ ነፃ መቀመጫ በኢንተርኔት አውጥቶ ነበር። መቀመጫው ለትምኒት ሥዩም፣ መቐለ፣ ኢትዮጵያ ደረሰ።

ከደብዳቤው ጋር የመጣው መጽሔት ያምራል፤ ወጥመድም ካላማረ ማን ይገባበታል? መንኮራኩሯ አውሮፕላን ሆድ ሥር ተንጠልጥላ ትወጣለች፣ ከዚያ እሳቷን ለኩሳ ትስፈነጠራለች፣ ተሳፋሪው ስድስት ደቂቃ ያለ ክብደት ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ተመልሳ ታርፋለች። ከሓድነት ቁሓ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ከዚህ ይረዝማል። መጽሔቱ «ከላይ ሲታይ ምድር ድንበር የላትም» ይላል። ድንበር ሰው ያሰመረው መሆኑን ለማወቅ ሰማይ መውጣት የሚያስፈልገው ሰው መሬት ላይም ብዙ አልገባውም። ለማንኛውም ይህ ሁሉ በባለ ቀለም ተጽፎ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ያው ወረቀት ተቀምጧል። «በራሴ ፈቃድ» ይላል። ለሞትም ሆነ ለጉዳት ኩባንያው እንደማይጠየቅ፣ ቤተሰብም እንደማይከስ፤ ከሥሩ የተጓዥ ፊርማ፣ ከእሱ ሥር የወላጅ ፊርማ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። እነዚህ ሰማዩን አርሰው በመቀመጫ ሸንሽነው ሸጠውታል፤ አለመከሰሱን ደግሞ ለራሳቸው አስቀርተዋል።

«አልፈርምም» አለ ሥዩም።

«አባዬ፣ ስማኝ» አለች ትምኒት። «ክፍል ገብቼ ስለ ስበት ሳስተምር ሰባ ተማሪ ያዛጋብኛል። አይፈረድባቸውም፤ እኔም ያላየሁትን ነው የማወራላቸው። በቀን ሰማዩ ጥቁር ሆኖ፣ ምድር ከሥሬ ክብ ሆና ባያት፣ ጠመኔው ከእጄ ሳይወድቅ አየር ላይ ሲቆም ባየው… ተመልሼ ስነግራቸው የሚያዛጋ ይኖራል?»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሥዩም ልጅቷ ለታይታ እንዳልሆነ ያውቃል። ሰማይ ሻጮቹም የሚያጠምዱት እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ እውነተኛውን።

«ስበትን እኔም አውቀዋለሁ። በዚህ እጄ ይዤዋለሁ» አላት።

«ስለ ፍትዊ ልትነግረኝ ነው።»

ነገራት። ፋኖሱን፣ ቁልፉን፣ ወረቀቱን፣ «ፓምፑስ?» የሚለውንም። ከዚህ በፊት እስከ መጨረሻው ተርኮላት አያውቅም ነበር።

ትምኒት አዳመጠችና ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ እሱ በአካፋ የተቆፈረ የቁሓ ጉድጓድ ነው። እነዚህ ሳይንስ አላቸው። ደግሞ አደጋ የትም አለ፤ ግራካሕሱ ላይ ስንት አውቶቡስ ገደል ገባ? አዲስ አበባ ስሄድ ግን ከልክለኸኝ አታውቅም» አለችው።

«አውቶቡስ የት ያደርስሻል? አዲስ አበባ። ይሄ የት ያደርስሻል? የተነሳሽበት። ፍትዊም ደርሶ ሊመለስ ነው የፈረመው።» ደቃቁን ፊደል በጣቱ መታ አደረገና ጨመረ፤ «አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ከአንቺ በፊት ምን ላኩ? ፋኖሳቸው የታለ?»

ትምኒት እንደምንም አስተካክላ ጻፈችላቸው። በሳምንቱ መልስ መጣ፤ «ደህንነት የሁሉ ነገራችን ቀዳሚ ነው» ይላል፣ የሚስቁ ሰዎች ፎቶም አለበት። «ይሄ መልስ አይደለም» አለ ሥዩም፣ ወረቀቱንም ገፋው።

ሰፈሩ በሥዩም ላይ ተነሳበት። ትምህርት ቤቷ ፎቶዋን በር ላይ ለጥፏል፣ ሬዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርጓታል፣ የገዛ አባቷ ግን እንቅፋት ሆነ። ቀናባት ያለም አለ። የእድሩ ዳኛ አቦይ ገብረሃንስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

«ሥዩም ወደይ፣ ልጄ፣ ከሓድነት ሰማይ የወጣ ሰው ኖሮ አያውቅም። ይህን ክብር አታበላሽብን» አሉት።

«ከሓድነት ሰማይ የወጡ ብዙ ናቸው፣ አቦይ። ስማቸው እርስዎ መዝገብ ላይ አለ። የተመለሰ ነው የሌለው።»

ሽማግሌዎቹ ተቀይመው ወጡ። የሽማግሌ ቁጣ አያስፈርመውም ነበር፤ ያስፈረመው ሌላ ነው። የዐቢይ ጾም እንደገባ ትምኒት ከትሪው ተነሥታ ለብቻዋ በሳህን መብላት ጀመረች። አልተሳደበችም፣ በር አልወረወረችም፤ ሳህኗን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። ሃምሳ አምስት ቀን። ለተመድህን መሐል ላይ ሆና አንዴ ወደ ባሏ አንዴ ወደ ልጇ ታያለች። ሥዩም ምንም ቢሆን ጾሙን ቻለው፤ ፋሲካን በተለያየ ሳህን መግደፍ ግን አልሆንልህ አለው። ቅዳሜ ስዑር ለት ወረቀቱን አምጪ ብሎ ፈረመ። በማግስቱ ሦስት እጅ አንድ ትሪ ላይ ተገናኘ። ዶሮው ጣፈጠው፣ ስለ ጣፈጠውም በራሱ አፈረ።

ግንቦት ላይ ኩባንያው ትምኒትን ለጤና ምርመራ አዲስ አበባ ጠራት። በረራው ገና በዓመቱ ነው። ሥዩም ይህን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አስረዳ፤ ማን ሰምቶት። ሽኝት ሽኝት ነው። ሕምባሻ ተጋገረ፣ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ቁሓ አየር ማረፊያ ወረደ፣ አቦይ ገብረሃንስ «በሰላም ውጪ፣ በሰላም ግቢ» ብለው መረቁ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። ትምኒት አዲስ አበባ ከአክስቷ ከሸዋወርቅ ዘንድ ልታርፍ ሄደች፤ ሓድነት ግን ወደ ሰማይ እንደሸኛት ቆጥሮ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ሥዩም ዓይናለም ተረኛ ሆኖ ውሎ ሲመለስ ሰፈሩ ትንሽ ሌላ መሰለው። ባለሱቋ ኣዳነች ሲያልፍ አየችውና ሬዲዮዋን አጠፋች። «ከመይ ውዒልኪ» ብሎ እንዴት ዋልሽ ቢላት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ መለሰችለት። ሁለት ጎረምሶች መንገድ ለቀቁለት። የቀን ድካም ነው ብሎ ገብቶ ተኛ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሥዩም ዕድሜውን ሙሉ ሲጠረጥር ኖሮ ያን ቀን ብቻ ረሳ።

ሬዲዮ የተናገረው ይህንን ነው። ትኬት የሸጠችው የጠፈር መንኮራኩር ወድቃ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በእውነቱ በረራው ተሳፋሪ ያልያዘ ሙከራ ነበር፤ የሞተውም አብራሪው ብቻ ነው። ሓድነት ግን ከዚህ ውስጥ የሰማው «ወድቃ» እና «ጠፍቷል» የሚለውን ነው። ልጅቷን እኛ አይደለን የሸኘናት? ወላጆቿን ጠጋ ብሎ «ልጃችሁ የት ናት?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን በአንድ አፍ ይጨርሰው ነበር። ግን የሞት ወሬ ሰምቶ ባለቤቱን መጠየቅ ማርዳት ነው፤ መርዶ ደግሞ በጎህ፣ በሽማግሌ፣ ተሰብስቦ እንጂ መንገድ ላይ አይነገርም። ስለዚህ ማንም አልጠየቀ። ሁሉም ሌላው አጣርቷል ብሎ፣ ጋቢውን አዘጋጅቶ ተኛ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሥዩም ሲከፍት አቦይ ገብረሃንስ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ግቢውን ሞልቶ መንገዱ ድረስ ጋቢ የተከናነበ ሰው። በእኛ አገር ይህን ሰልፍ በሩ ላይ ያየ ሰው ቃል አያስፈልገውም።

«ሥዩም ወደይ፣ በርታ። ትምኒት…» ብለው አቦይ ገብረሃንስ መጨረስ አቃታቸው።

«ዋይ ጓለይ፣ ዋይ ልጄ» የሚል የለተመድህን ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ሥዩም አልጮኸም። መዳፎቹን ዘርግቶ አያቸው። «እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለ። ደግፈው አስቀመጡት፤ «እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለ። ለምርመራ እንጂ ለበረራ እንዳልሄደች ያውቅ ነበር፣ ዕውቀቱ ግን ከፊቱ የቆመውን ሰው ሁሉ ሊገፋ አልቻለም። በረራውን ሳይነግሩኝ አስቀደሙት አለ በሆዱ፤ እነዚያ ፓምፑስ የሚሉ ሰዎች ምን አይሠሩም። ስልኳ ላይ ቢደውል ጥሪ አይቀበልም፣ የእህቱ የሸዋወርቅም መስመር የለም። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ተደረደረ፣ ንፍሮ ተጣደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የልጁ ሞት እውነት ሆኖ አብሮት ተቀመጠ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የለተመድህን ስልክ ማድቤት ውስጥ ጮኸ። ንፍሮ የምታማስለው ሴት አንሥታ «ማን ልበል?» አለች።

«ትምኒት ነኝ። እናቴ የለችም?»

ሴትዮዋ ስልኩን ጣለችው። ለተመድህን ተሯሩጣ አነሣችና የልጇን ድምፅ ሰማች፤ ከለቅሶ በስተቀር ግን ምንም መናገር አልቻለችም። «ንዒ፣ ጓለይ፣ ዛሬውኑ ነይ» ብላ ገና ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። እልል ተባለ፣ የሬዲዮው ወሬ በቅጡ ተጣርቶ የሞተው የሙከራው አብራሪ ብቻ መሆኑ ታወቀ፣ የተሳቀቀው ሁሉ ሳቀ፣ አቦይ ገብረሃንስ ላባቸውን ጠራርገው «ይቅር በለን ሥዩም፣ ክፉ ስሕተት ነው» አሉና ጎረምሶቹ ካስማ እንዲነቅሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

«ድንኳኑን ተዉት» አለ ሥዩም።

«ምን አልክ?»

«ሰው ሞቷል አይደለም እንዴ? ሬዲዮው ሰው ሞተ አላለም? ተቀመጡ።»

«ፈረንጁ? ወደይ፣ ለማናውቀው ሰው ድንኳን? የእድሩ ደንብ ለቤተሰብ ነው የሚለው።»

«ቤተሰቤ ነው» አለ ሥዩም። ድምፁ ያን ጊዜ ነው የጠነከረው። «የልጄን ሞት የሞተ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሁነኝ? እሱ ባይወጣ የምትወጣው እሷ ነበረች። እናንተም ዛሬ የመጣችሁት ለእሷ ነበር።»

መጀመሪያ ተመልሳ የተቀመጠችው የፍትዊ ሚስት ለተንሳኤ ናት። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ አረፍ አለችና «ስሙ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። የሚያውቅ አልነበረም። ስሙ የማይታወቅ ሰው እንዴት ይለቀሳል? እሷ ግን ለብዙ ዓመት የታመቀ ለቅሶ ነበራት፣ ስም አልጠበቀችም። «ዋይ፣ የእናቱ ልጅ» ብላ ጀመረች፤ ሌሎቹ ሴቶችም ተቀበሏት።

ትምኒት ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ደረሰች። ከባጃጅ ስትወርድ ደጃቸው ላይ ድንኳን አየች። እናቷን በስልክ ሰምታታለች፤ እንግዲህ የቀረ አንድ ሰው ነው። ቦርሳዋን መንገድ ላይ ጥላ ሮጠች። አባቷ ከወንዶቹ መሐል ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ልቧ ሲመታ በጋቢው ውስጥ ተሰማው።

«ማን ሞተ?» አለች ትንፋሽ ሲመለስላት።

«ፋኖሱ» አላት። «ከአንቺ በፊት ምን ላኩ ብዬ ጠይቄ አልነበር? ሰው ነው የላኩት፤ መንኮራኩሯ ወድቃ ሞተ።»

ትምኒት አንገቷን ደፋች። ሥዩም ይህን ጊዜ ያልኩት ደረሰ ሊል ይችል ነበር፤ አላለም። «ፊርማዬ እጃቸው ላይ ነው፤ መሄድሽን ከፈለግሽ አልከለክልሽም። አሁን ግን ቁጭ ብለሽ አልቅሺለት» አላት። ከለተንሳኤ አጠገብ ተቀመጠች። ለተንሳኤም ጥያቄዋን ደገመችላት፤ «ስሙ ማን ነው፣ ጓለይ? ልጅስ አለው?»

«እጠይቃቸዋለሁ» አለች ትምኒት። በስልኳ ጻፈች፤ የሞተው አብራሪ ስሙ ማን ይባላል፣ ሰፈራችን ድንኳን ተክሎ እያለቀሰለት ነው፣ ቤተሰቦቹንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ በሉልን፤ ይኸው ነው የጻፈችው።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ምሳ ሊቀርብ ሲል ነው። ትምኒት አንዴ አነበበችው። ተሳስታ እንደሆነ ብላ እንደገና አነበበችው። ለተንሳኤ ስሙን ልትሰማ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። ሥዩም የልጁ ፊት አመድ ሲመስል አየና «ምን አሉ?» አላት።

«መቀመጫሽ በስምሽ እንደተጠበቀ ነው፣ አትስጊ ይላሉ።»

«ስሙንስ?»

«የለም። ሌላ ምንም የለም።» ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ፓምፑስ አሉኝ፣ አባዬ።»

ትሪው መጣ። አንዲት ጎረቤት ለመንገደኛዋ ብላ ለብቻ ሳህን አቀረበችላት። ትምኒት ሳህኑን መለሰችና እጇን ታጥባ ከአባቷ ጎን ቀረበች።